የቤት መሥሪያው ገንዘብ ናዝዳክ ላይ፦ የአንድ የደሴና የኮምቦልቻ ቤተሰብ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የሦስት ወንድማማችና እህት ነው። ታላቅየው ኮምቦልቻ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ የቧንቧ ዕቃና ሲሚንቶ ይሸጣል። እህታቸው ጅዳ በሰው ቤት ለዓመታት ሠርታለች። ታናሽየው አሜሪካ ነው። እናታቸው ደሴ፣ የአባታቸው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ስማቸውን አንጠቅስም፤ የገንዘቡንም መጠን ስሌቱ እንዲታይ አጠጋግተነዋል። የአክሲዮኖቹ ዋጋና የዋጋው መውደቂያ ቀን ግን በገበያው ላይ የታየው ነው።

የአክሲዮን ኪሳራ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ዋጋው ነው። በዚህ ቤት ግን ዋጋው ከመውደቁ በፊት የተሠሩ ሦስት ነገሮች ናቸው ኋላ ወንድምን ከወንድም ያኮራረፉት። ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ነበረው፤ ባለቤቱ ከአንድ በላይ ነበር፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሁለቱ የማያውቁት ብድር ነበረበት።

አሰባሰቡ

ሐሳቡ የተነሳው ከብር መውደቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ዶላር በባንክ 40 ብር ገደማ ነበር፤ በየወሩም ይጨምራል። ሦስቱ በእናታቸው ግቢ ውስጥ ጂ ፕላስ አንድ ለመሥራት ተስማምተው፣ ግንባታው መስከረም 2015 ይጀመራል ብለው ቀን ቆረጡ። እስከዚያ ገንዘቡ በዶላር ይቀመጥ ተባለ፤ የሚያስቀምጠውም አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድም ሆነ።

እህት 18 ሺህ ዶላር ላከች። ታናሽየው የራሱን 12 ሺህ ጨመረ። ታላቅየው ዶላር የለውም፤ ስለዚህ ታናሹ ለእናቱ በየወሩ የሚልከውንና ለግቢው አጥር የሚያወጣውን እሱ በብር ሸፈነ፤ ታናሹ ደግሞ በልኩ 6 ሺህ ዶላር እዚያ አስቀመጠለት። ብሩ 240 ሺህ ያህል መሆኑ ነው። በድምሩ 36 ሺህ ዶላር። አንድም ነገር በወረቀት አልሰፈረም።

ለእህቱ «ባንክ ነው ያለው» አላት። ለታላቅ ወንድሙ ግን አክሲዮን ሊገዛበት መሆኑን ነገረው፤ እሱም «ትርፉን እንካፈላለን» ብሎ ተስማማ። ይህች ልዩነት ኋላ በሽምግልናው ትልቅ ቦታ ይዛለች።

መጋቢት 2013 ላይ ታናሹ በ36 ሺው ላይ ከብሮከሩ፣ አክሲዮን ከሚያገበያየው ድርጅት፣ 20 ሺህ ተበድሮ በ56 ሺህ ዶላር ሦስት አክሲዮን ገዛ፦ 46 ኔትፍሊክስ በ520 ዶላር ገደማ፣ 85 ፌስቡክ በ280 ገደማ፣ 24 ዙም በ330 ገደማ። ፌስቡክ በጥቅምት 2014 ሜታ ተብሏል። ብድሩ ማርጂን የሚባለው ነው። ብሮከሩ አክሲዮኑን ራሱን መያዣ አድርጎ ያበድራል፤ በአሜሪካ ደንብ በግዢው ጊዜ እስከ ግማሽ ድረስ መበደር ይቻላል። የወለዱ መጠን በዓመት 8 በመቶ ስለነበር በወር ወደ 133 ዶላር ይነሳል። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ ወለድ የሚባል ነገር እዚያ ቤት አይነሳም። ታናሹም ይህን ስለሚያውቅ ነው ለማንም ያልተነፈሰው።

ስክሪንሾቱ

ኅዳር 8 ቀን 2014፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2021፣ ኔትፍሊክስ 690 ዶላር አካባቢ ደረሰ። የሦስቱ አክሲዮን ድምር ዋጋ ከ66 ሺህ ዶላር አለፈ፤ ዕዳው ሲቀነስ የቤተሰቡ 46 ሺህ ነበር። ታናሹ አረንጓዴ ቀለም ያለበትን ስክሪንሾት ለታላቅየው ላከ። በስክሪንሾቱ ላይ የሚታየው ድምሩ ብቻ ነው።

መልእክቱ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው ነበር፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው በኅዳር መጨረሻ ነው። ታላቅየው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ተሰድዶ ከርሞ ሲመለስ መደብሩ ባዶ ነበር። መደርደሪያው ሳይቀር ተወስዷል። በዚያ ሰዓት የቀረው ተስፋ ስልኩ ላይ ያለው 66 ሺህ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውን እንናገር። የብሮከር መተግበሪያ ከፊት የሚያሳየው የአክሲዮኑን ሙሉ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ የባለቤቱ ድርሻ ከዕዳው ቀሪው ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ ያለበት አካውንት በስክሪንሾት አይመዘንም። ብሮከሩ በየወሩ የሚያወጣው መግለጫ አለ፤ ሙሉው ፋይል ይላክ። በውስጡ የሚታዩት ሁለት መስመሮች ናቸው፦ የተበደረው ገንዘብና ከዕዳ ቀሪ ድርሻ። የመጀመሪያው መስመር ዜሮ ካልሆነ ጥያቄ ይነሳ። በዚህ ቤት ይህ ስላልተደረገ፣ ኋላ የሆነው ሲነገር ታላቅየው የጠፋ የመሰለው 59 ሺህ ነበር። ከተዋጣው የጠፋው ከዚያ ግማሽ ያህል ነው። ሰው የራሱ ላልነበረ ገንዘብም እኩል ያዝናል።

ጥር 2014

ታላቅየው በጥር አሥር ገደማ ደወለ። መደብሩን በዕቃ ለመሙላት የራሱን 6 ሺህና ከቤቱ መሥሪያ 4 ሺህ ብድር ጠየቀ። በዚያ ቀን ኔትፍሊክስ 510፣ ሜታ 318 ነበሩ፤ ዙም ወደ 165 ወርዷል። ድምሩ 54 ሺህ ተኩል፣ ከዕዳ ቀሪ 34 ሺህ ተኩል። ማለትም ካዋጡት 36 ሺህ ውስጥ የጎደለው 1 ሺህ 500 ብቻ ነበር።

ታናሹ «ጋሼ፣ ሐሙስ የኔትፍሊክስ ሪፖርት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ልላክልህ» አለ። ታላቅየውም እሺ አለ።

የእነዚህ ኩባንያዎች የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው። የኒውዮርክ ገበያ በእኛ አቆጣጠር በክረምታቸው ከቀኑ 11፡30 ተከፍቶ ሌሊት 6 ሰዓት ይዘጋል፤ በበጋቸው ከ10፡30 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ዜናው ሌሊት ይመጣል፤ በማግስቱ ገበያው ሲከፈት ዋጋው ቀድሞ ወርዶ ይገኛል። «ትንሽ ሲወርድ እሸጣለሁ» የሚለው ሰው ትንሹን መውረድ አያገኘውም። ኔትፍሊክስ በማግስቱ ዓርብ፣ ጥር 13፣ ወደ 22 በመቶ ወድቆ 397 ዶላር ላይ ዘጋ።

ታላቅየው ቅዳሜ ደውሎ «የቀረውን ላክልኝ» አለ። መልሱ «አሁን መሸጥ ኪሳራውን ማጽደቅ ነው፤ ይመለሳል» የሚል ነበር። ጥር 26 ሜታ በአንድ ቀን ከ26 በመቶ በላይ ወረደ፤ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተነነ፤ እስከዚያ ቀን በአሜሪካ ገበያ ታይቶ አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ስክሪንሾት መምጣቱ ቀረ። ታላቅየው ዋጋውን በራሱ ስልክ መከታተል ጀመረ፤ ሌሊት 6 ሰዓት ገበያው እስኪዘጋ አይተኛም፤ ጠዋት ባዶውን መደብር ሲከፍት ቁጡ ነው። ሚስቱ ምን እንደሚያይ አታውቅም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ እንዳሳዩት ኪሳራ በልክ ከሚተካከለው ትርፍ ሁለት እጥፍ ያህል ያማል፤ ኪሳራ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከቁርጡ ማምለጫ የመሰለውን ዕድል ሁሉ ይሞክራል፣ ዕድሉ የከፋ ቢሆንም። ታናሹ የሆነው ይህንኑ ነው። በእሱ ልብ ካልሸጠ ገና አልከሰረም፤ ካልከሰረ ደግሞ ለእህቱ የሚነግራት ነገር የለም።

ማርጂን ኮል፣ በረመዳን

ሚያዝያ 11 ምሽት ኔትፍሊክስ በሦስት ወር ውስጥ 200 ሺህ ደንበኛ እንደቀነሰበት አስታወቀ፤ በማግስቱ 35 በመቶ ወድቆ 226 ዶላር ሆነ። ሜታ በዚያው ቀን 200፣ ዙም 100 አካባቢ ነበሩ። ድምሩ 29 ሺህ 800፤ ዕዳው እንደነበረ 20 ሺህ፤ ቀሪው 9 ሺህ 800፣ ይኸውም 33 በመቶ።

ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ድርሻ 25 በመቶ ነው፤ ብሮከሮች ግን ዋጋው ለሚዋዥቅ አክሲዮን ከዚያ በላይ ያደርጉታል። የዚህኛው 40 በመቶ ነበር። የ29 ሺህ 800 አርባ በመቶ 11 ሺህ 920 ነው፤ የጎደለው 2 ሺህ 120። ማርጂን ኮል የሚባለው የብሮከሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ ወይ ያን ጥሬ ገንዘብ ማስገባት፣ ወይ አክሲዮን መሸጥ። ጉድለቱን በሽያጭ ለመሙላት ግን ጉድለቱ ለ0.40 ይካፈላል፤ ስለዚህ 2 ሺህ 120 ለመሙላት 5 ሺህ 300 መሸጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው በዚያች ዕለት ነው። ታናሹ የቤት ኪራዩን 2 ሺህ 100 ዶላር አስገባ። ጥቂት የጎደለውን ብሮከሩ አለፈለት።

በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 19፣ ሜታ 175፣ ኔትፍሊክስ 188 ሆኑ። ቀሪው ድርሻ 31 በመቶ ደረሰ። በውሉ መሠረት ብሮከሩ ሳይደውልም መሸጥ ይችላል፤ የትኛውን እንደሚሸጥም ራሱ ይመርጣል። 34 የሜታ አክሲዮን ሸጠ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 20፣ ሜታ ሪፖርቱን አውጥቶ 17 ተኩል በመቶ ዘለለ።

ይህች አንድ ቀን ታናሹን ከሁሉም በላይ ሰበረችው። የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ናቸው፤ ስልክ አያነሳም፤ ለኢድ ቤተሰቡ ሲደውልለትም አልመለሰም። ሰኔ 10 ላይ የቀረውን በሙሉ ሸጦ ዕዳውን ዘጋ። ኔትፍሊክስ 175፣ ሜታ 164 አካባቢ ነበሩ። ከተሸጠው 18 ሺህ 900 ውስጥ ለብሮከሩ 12 ሺህ ተከፍሎ 6 ሺህ 900 ቀረ። ካስገባው 38 ሺህ 100 ውስጥ 18 በመቶ መሆኑ ነው። ያለ ብድር በ36 ሺው ብቻ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን 15 ሺህ 700 ይኖር ነበር፤ ማንም እንዲሸጥ አያስገድደውም ነበር።

ቤት ውስጥ የደረሰው

ለእህቱ የነገራት በሰኔ ነው፣ ከጅዳ ጠቅልላ ልትወጣ ሁለት ወር ሲቀራት። መጀመሪያ የጠየቀችው «ባንክ ነው አላልከኝም?» ነው። ገንዘቡ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሰው ወለል ጠርጋ ያጠራቀመችው ነው፤ ለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሠርጓም ታስቦበታል። የእጮኛዋ ወገን ስለ ቤቱ ያውቃል፤ አሁን ምን ይባላል?

የኮምቦልቻው ታላቅ ወንድም ሚስት ደግሞ 240 ሺህ ብር ከጋራ ሀብታቸው ወጥቶ አክሲዮን ላይ መዋሉን የሰማችው ያኔ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለማበደርም ሆነ ለመበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው የደሴና የኮምቦልቻ ጉዳይ የሚታየው በዚያኛው ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ መሆኑ ግን አያከራክርም። ሴትየዋ ፍርድ ቤት አልሄደችም። ግን ለሳምንታት ልጆቿን ይዛ ከእናቷ ዘንድ ሰነበተች።

እናትየውን የጎዳቸው ገንዘቡ አይደለም። ወለድ መኖሩን ሲሰሙ ነው ያለቀሱት።

ታናሹ በዚህ መሀል ለአንድ ጓደኛው «ብሞት ይሻለኛል» ብሏል። ይህን ቃል ከከሰረ ሰው የሰማ በንግግር ዘይቤነት አይለፈው። በቀጥታ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ መጠየቅ አለበት። አሜሪካ ላለ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይቻላል። ደሴ ያለ ሰው በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ያገኛል። ጓደኛው ለታላቅ ወንድሙ ደውሎ ነገረው፤ ታላቅየውም ቁጣውን ወደ ጎን ብሎ ለአሥራ አምስት ቀን በየዕለቱ ስለ ገንዘብ ሳያነሳ ደወለለት። በእኛ ግምት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ሽምግልናው

በሐምሌ ሁለት ሸሆችና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች በእናትየው ቤት ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተፈላ፣ ታናሹ በስልክ ገባ። ሽማግሌዎቹ ስለ ማን ጥፋት ከመነጋገራቸው በፊት ሙሉው የብሮከር መግለጫ ታትሞ ይምጣ አሉ። ከመጋቢት 2013 እስከ ሰኔ 2014 ያለው በሙሉ መጣ፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሒሳብ ሰው መስመር በመስመር አነበበላቸው። 66 ሺህ የሚባል የቤተሰቡ ገንዘብ እንዳልነበረ ያኔ ታወቀ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ረገበ።

ከዚያ ገንዘቡን በሦስት ለዩት። የእህት 18 ሺህ አማና ነው፤ ይጠበቅ ዘንድ የተሰጠ፣ ያለ ፈቃድ የተነገደበት። አማና ያለ ፈቃድ ከተነካ ተቀባዩ ሙሉውን ይተካል። የታናሹ 12 ሺህ የራሱ ኪሳራ ነው።

የታላቅየው 6 ሺህ ግን እያወቀ የገባበት ሽርክና ነው። አንዱ ገንዘብ ሌላው ሥራ በሚያዋጣበት የእስልምና ሽርክና፣ በሙዳረባ፣ ሕግ ነጋዴው ካላጠፋ ዋናው ገንዘብ ላይ የደረሰውን ኪሳራ የሚሸከመው ባለገንዘቡ ነው። እዚህ ሁለት ጥፋት ተገኘ፦ ያልተፈቀደው ወለድ ያለበት ብድር፣ እና ገንዘቡ ተጠይቆ አለመመለሱ። ስለዚህ የብድሩን ውጤት አወጡ፤ ኪሳራውንም ታላቅየው በቁርጥ ላክ ባለበት ቅዳሜ ላይ ቆረጡት። ያለ ብድር 36 ሺው በዋዜማው ዓርብ 30 ሺህ 700 ያህል ነበር፣ 85 በመቶ። ስለዚህ ለታላቅየው 5 ሺህ 100 ይመለስለት፤ 900 ኪሳራው ነው ተባለ። ሐሙስን እንዲጠብቅ ራሱ ተስማምቶ ነበርና።

የቀረው 6 ሺህ 900 በሙሉ ለእህት ሄደ። 11 ሺህ 100 ቀራት። ታናሹ በወር 300 ዶላር እንዲከፍል ሆነ፤ 37 ወር ለእህት፣ ቀጥሎ 17 ወር ለታላቅ ወንድም። ከ300 በላይ እንዲሆን ተጠይቆ ሽማግሌዎቹ እንቢ አሉ። የኪራዩና የቀለቡ ወጪ ተሰልቶ ከዚያ በላይ ከተጫነበት ሦስተኛው ወር ላይ እንደሚያቋርጥ አይተዋል። ትክክል ነበሩ፤ የተቋረጠ ክፍያ ከመጀመሪያው ኪሳራ የባሰ ቅራኔ ያመጣል።

ዕዳው በዶላር ተጻፈ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ ከ57 ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። በብር ተጽፎ ቢሆን እህቲቱ ሁለተኛ ጊዜ ትከስር ነበር።

አንድ ነገር ግን ተዘልሏል። በአሜሪካ ግብር ሕግ አንድ ሰው ከአክሲዮን የደረሰበትን የተጣራ ኪሳራ በዓመት እስከ 3 ሺህ ዶላር ከሌላ ገቢው ላይ መቀነስ ይችላል፤ የተረፈው ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሻገራል። የዚህ አካውንት ኪሳራ 31 ሺህ 200 ነው። ሰውየው 22 በመቶ ግብር የሚከፍል ከሆነ በዓመት 660 ዶላር ይቀርለታል፣ ከአሥር ዓመት በላይ። አካውንቱ በእሱ ስም ስለሆነ ጥቅሙ ለእሱ ብቻ ይገባል፣ ኪሳራው የሦስት ሆኖ ሳለ። እንዲህ ያለ ውል የሚጽፉ ሽማግሌዎች ይህን መስመር ይጨምሩ።

ዋጋው ሲመለስ

በ2016 ሌላ ንፋስ መጣ። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ ሦስት እጥፍ አድጎ ነበር፤ ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. ማርች 2024 ላይ 600 ዶላርን አልፏል። ታናሹ «ባይሸጥ ኖሮ» የሚል ስሌት ለቤተሰቡ ላከ። ቁስሉ እንደገና ተነካ፤ ታላቅየው «አስገድደህ አሸጥከኝ ልትለኝ ነው?» አለ።

ስሌቱ ሦስት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ዙም አልተመለሰም፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ከ560 ዶላር በላይ የነበረው አክሲዮን እ.ኤ.አ. 2024ን የጨረሰው 82 ዶላር አካባቢ ነው፤ በሚያዝያ 2014 ላይ ከሦስቱ የትኛው እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሦስቱ አክሲዮኖች የሚሸጡበት የአሜሪካ ገበያ የናዝዳክ መለኪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በማርች 2000 እስከ 5 ሺህ 48 ነጥብ ደርሶ፣ ከዚያ በ78 በመቶ ወርዶ ያን ከፍታ እንደገና ያየው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሁለተኛ፣ ብድር ያለበት አካውንት የመጠበቅ መብት የለውም፤ ብሮከሩ ይሸጣል። ሦስተኛ፣ መደብሩ በጥር 2014 ዕቃ ይፈልግ ነበር። የ2016 ዋጋ የ2014ን መደርደሪያ አይሞላም።

አሁን ዘመድ ጋ እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለው ሰው ከመጣላቱ በፊት አምስት መስመር የያዘ ወረቀት ይጻፍ፦ የማን ስንት ነው፤ መቼ ይፈለጋል፤ ምን ሊገዛበት ተፈቅዷል፤ ብድር ክልክል ነው ወይስ አይደለም፤ ከስንት በመቶ በላይ ሲጎድል በስንት ቀን ውስጥ ለሁሉም ይነገራል። እኛ 20 በመቶና ሦስት ቀን እንላለን። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ፣ የቤት መሥሪያ፣ የሠርግ፣ የሕክምና ወይም የትምህርት ቤት፣ ከእነዚህ አክሲዮኖች ይውጣ፤ ዛሬ በኪሳራ ላይ ቢሆንም እንኳ። ባለአካውንቱ ቢሞት ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ በብሮከሩ ቅጽ ላይ ይሞላ፤ ያለዚያ በእሱ ስም ያለው ሁሉ የውርስ ሀብቱ ተደርጎ ይቆጠራል፣ ጅዳ የተለፋበትም ጭምር። ያገባ ሰው ወረቀቱን ሚስቱ ወይም ባሏ ባለበት ይፈርም።